ዓሣው ከመምጣቱ በፊት ውሃው ይዘጋጅ

ክቡር አዘጋጅ፣

ዲስከስ የሚባለውን የጌጥ ዓሣ በቤታቸው ለማርባት ያሰቡ የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪዎች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት እንዲያነቡት ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ገንዳና ዓሣ በአንድ ቀን መግዛት የለበትም። ሻጮችም ለጀማሪ አብረው ባይሸጡ እመኛለሁ።

ዲስከስ የደቡብ አሜሪካው አማዞን ተፋሰስ ዓሣ ነው። እንደ ሰሃን ክብና ጠፍጣፋ ሲሆን ሲያድግ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሚስማማው ከ28 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ አየሩም ስስ ነው። የ29 ዲግሪ ውሃ በባሕር ወለል ላይ በሊትር 7.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ 6 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የአየር ፓምፑ ሌትም ቀንም መሥራት አለበት።

ለስድስት ዓሣ 100 በ50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ባለ 10 ሚሊ መስታወት ገንዳ ይበቃል። ከስድስት ባያንስ ይሻላል፤ ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ጉልበተኛው ደካማውን ከምግብ እያባረረ ያመነምነዋል። ውሃው ብቻ ወደ 250 ኪሎ ስለሚመዝን ቡፌ ላይ አይቀመጥም። ለደሴ ባለ 250 ዋት ሁለት ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) ያስፈልጋል፤ ሞቅ ለምትለው ኮምቦልቻ ባለ 150 ሁለት ይበቃል። አንድ ትልቅ ሂተር ሳይጠፋ ተጣብቆ ከቀረ ዓሣውን ይቀቅላል፣ ከተቃጠለም ውሃው በአንድ ሌሊት ይበርዳል። ሁለት ሲሆኑ አንዱ ቢበላሽም ጊዜ ይሰጣሉ። ከገንዳው ጀርባና ጎን ፎም መለጠፍ የመብራት ወጪ ይቀንሳል።

ብዙ ዓሣ የሚሞተው ግን ውሃው ሳይበስል፣ ማለትም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሳይበዙበት፣ ስለሚገባ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያስወጣል። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ መርዝ ናቸው፤ አሞኒያ ደግሞ ውሃው በሞቀና ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ ውሃው አሲዳማ ነው) ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል። ባክቴሪያዎቹ ውሃውን በሚያጣራው ስፖንጅ ፊልተር ላይ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውሃ ብቻ ያለበት ገንዳ እየሞቀና አየር እያገኘ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበታል። ውሃው ስለጠራ ደርሷል ማለት አይደለም። ምግቡ እየተጣለ አሞኒያም ናይትራይትም በመለኪያ ኪት ዜሮ ሲሆኑ ነው ዓሣ የሚገባው። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ ከታጠበ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይገድላል፤ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ቀስ ብሎ ይጨመቅ።

ፒኤች በ6 እና በ7.5 መካከል ከቆየ እርባታ ላይ ለተፈለፈለ ዲስከስ ይስማማዋል። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ እያንጠባጠቡ ቁጥር ማሳደድ ከራሱ ከቁጥሩ የበለጠ ይጎዳዋል።

ዓሣው ከገባ በኋላ በሳምንት ሁለቴ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን፣ ይቀየራል። የቧንቧው ውሃ በክፍት ባልዲ አየር እየተነፋበት 24 ሰዓት ይቆይ፤ ክሎሪኑ ይተናል። ይህን የ14 ዲግሪ ውሃ እንዳለ መጨመር ግን ገንዳውን ከ29 ወደ 25 ተኩል ገደማ በአንድ ጊዜ ያወርደዋል፣ ዓሣውም ይታመማል። ከ20 ሊትሩ 4 ሊትር ያህሉን አፍልቶ ከቀሪው 16 ሊትር ጋር መቀላቀል ወደ 29 ያደርሰዋል። ሳይጨመር በቴርሞሜትር ይለካ። ውሃ ሲቀዳ ሂተሩ ከሶኬት ይነቀል፤ ከውሃ ውጭ የጋለ የሂተር መስታወት ይሰነጠቃል።

ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዓሣው ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ይጹም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ኦክስጅን በተሞላ ፌስታል፣ በፎም ሣጥን ይምጣ። ሲደርስ ፌስታሉ ሳይፈታ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ይንሳፈፍ። ከተፈታ በኋላ መዘግየት አያስፈልግም፤ የታመቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣ ፒኤቹ ከፍ ይልና የተጠራቀመው አሞኒያ ወዲያው ይመርዛል። ዓሣው በመረብ ተነሥቶ ይግባ፣ የፌስታሉ ውሃ ይደፋ።

ጤነኛ ዲስከስ ሰው ሲጠጋው ወደ መስታወቱ ይመጣል። ሰውነቱ ከጠቆረ፣ ክንፉን ከሰበሰበና ጥግ ከያዘ፣ ከመድኃኒት በፊት አሞኒያውና ሙቀቱ ይለካ። ነጭ፣ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር ከታየ ግን የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ስለሚችል ሌላ ገንዳ ውስጥ ተለይቶ ይታከም።

መብራት ሲጠፋ ገንዳው በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን ይጠቅለል፣ አፉ ላይ ግን አየር የሚገባበት ክፍተት ይተው። እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ የተሞላ፣ የታሸገ ሃይላንድ በየተራ ይንሳፈፍበት። የባትሪ አየር ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በንጹሕ ኩባያ እየጨለፉ ከፍ አድርጎ ማፍሰስ ይቻላል። መብራት እስኪመጣ ምግብ አይሰጥም።

ዓሣ አርቢ፣ ከደሴ