ቦብ ዊልስ ለምን ተዘለለ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካ ካንትሪ ሙዚቃ ባወጣችሁት ጽሑፍ ካንትሪን ከጃዝ ጋር ያዋሃደው የጭፈራ ሙዚቃ፣ የዌስተርን ስዊንግ አውራ የሆነው ቦብ ዊልስ አለመጠቀሱ ቅር አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 በቴክሳስ ከቫዮሊን ተጫዋቾች ቤተሰብ የተወለደው ይህ ሰው፣ በጥጥ እርሻ ከሚሠሩ ጥቁር አሜሪካውያን የሰማውን ብሉዝ ከአባቱ የጭፈራ ዜማዎች ጋር አዋህዶ፣ ከ1934 ጀምሮ በኦክላሆማዋ ተልሳ ከተማ በሬዲዮ ሲያሰማ፣ ለገጠር ባንድ እንግዳ የነበሩትን ድራምና ሳክስፎን በድፍረት አስገብቷል። በዘፈኑ መሀል «አሃ!» እያለ መጮኹን ለመልመድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጊዜ ወስዶብኛል። በ1968 የዘርፉ ታላላቆች ወደሚከበሩበት የካንትሪ የዝና አዳራሽ ገባ። በታኅሣሥ 1973 የመጨረሻ አልበሙ ቀረጻ በተጀመረበት ሌሊት በስትሮክ ራሱን ስቶ ሲቀር፣ ሥራውን የፈጸሙት ባልደረቦቹ ነበሩ፤ እሱም ሳይነቃ በግንቦት 1975 ዐረፈ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ