ከሌላ ሰው እንዳይሰሙት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ ስንነጋገር ድምፄ ልክ አለመሆኑን አውቀው «ምን ሆነሻል?» ብለውኝ ነበር፤ ድካም ነው ብዬ አለፍኩት። ድካም ብቻ አልነበረም። በመሥሪያ ቤታችን የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ድጋፍ የሚሰበሰብበት ካርድ ላይ ፈርሜያለሁ። ሲያትል ያለን ሐበሾች ወሬያችን ፈጣን ነው፤ ከሌላ ሰው ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት ብዬ ነው የምጽፍልዎ።

«በሰው አገር አንገትሽን ደፍተሽ ሥሪ» ብለው ነው የሸኙኝ። አሥራ አንድ ዓመት ቃልዎን ጠብቄያለሁ። ስለዚህ አሁን ለምን ቀና እንዳልኩ ላስረዳዎ ይገባል።

ጎረቤት ስለ እኔ ሲጠይቅዎ «የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራለች» ማለት እንደሚከብድዎ አውቃለሁ። እውነትም ሲሰሙት ሥራ አይመስልም። አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎ። ባለፈው ዓመት አንድ የቆርቆሮ በር ሠርቻለሁ። ጨዋታው የሚካሄድባት ከተማ በምድር ላይ የለችም፤ በሩ ግን የአቃቂው ግቢያችን በር ነው። መጀመሪያ ቅርጹን ያለ ቀለም አቆምኩት። ቀጥሎ የቆርቆሮውን ሽንሽን አንድ በአንድ አወጣሁ። ከዚያ እርስዎ የቀቡትን፣ ፀሐይ የበላውን አረንጓዴ ቀለም አለበስኩት። ከየሚስማሩ ሥር ዝገቱ በዝናብ እየታጠበ የሚወርድበትን መስመር ግን በእጄ ሣልኩት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ሲያዝገው ሁሉንም ሚስማር እኩል ያዝገዋልና። በእኛ በር ላይ፣ ያስታውሱ እንደሆነ፣ ከላይ በስተግራ የጣሪያው ውኃ የሚንጠባጠብበት ሚስማር ከሁሉም ይብስ ነበር። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ተጫዋቹ በአጠገቡ ሮጦ የሚያልፈው በአራት ሰከንድ ነው። ይህ አይከፋኝም። እርስዎ በማቅለሚያ ክፍል የቀለሙትን ጨርቅስ የለበሰው ሰው መቼ ቆሞ መረመረው? ጥፍርዎ ሥር የማይለቀው ሰማያዊ ግን ትዝ ይለኛል።

የሚከፋኝ ሌላው ነው። ጨዋታው ለገበያ ሊወጣ አምስት ወር ሲቀረው ቅዳሜ የሥራ ቀን ሆነ፤ ቆይቶ እሑድም ተጨመረ። «ግቡ» ብሎ ያዘዘን የለም። አለቃችን የሚገባው ሰው ስሙን እንዲያስመዘግብ ብቻ ጠየቀን፤ በዝርዝሩ ላይ አለመኖር ምን እንደሚያስከትል ሁላችንም እናውቃለን። እራት ያመጡልናል። እራቱ የሚመጣው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ የበላ ሰው ደግሞ ከአራት ሰዓት በፊት አይወጣም። ቀኝ እጄ ሌሊት ይደነዝዝ ጀመር። ለፋሲካ የደወልኩልዎ ከመኪና ማቆሚያው ነበር። «ዶሮው ደረሰ?» ሲሉኝ «ደርሷል» አልኩዎ። ዶሮ አልሠራሁም፤ ዋሽቼዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ።

ለዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ሳንቲም አልተጨመረልኝም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሕግ አለ፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የሠራ ሰው ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈለው ያዛል። ያው ሕግ ግን ቋሚ ደመወዛቸው ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውንና ሥራቸው የፈጠራ ችሎታ የሚጠይቀውን ባለሙያዎች ከዚህ መብት ያስወጣቸዋል። ጥበብ ታውቂያለሽ ተብዬ ነው የተነፈግሁት፣ አባባ። በዚህ የተከራከርነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። በካሊፎርኒያ ኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ሠዓሊዎች የትርፍ ሰዓት አልተከፈለንም ብለው ከሰው፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2005 ጉዳዩን በ15.6 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ዘግቷል። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሆነ? እኛ ግን አሁንም እራት ስንጠብቅ እናመሻለን።

ከእኔም የባሰባቸው አሉ። ከበሩ ጎን ያለውን የድንጋይ ግንብ የሠራው ልጅ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። ግንቡና በሩ የሚገናኙበትን ስፌት ለማጥፋት ሁለት ቀን አንድ ስክሪን ላይ አብረን አፍጥጠናል። እሱ ግን የተቀጠረው በአገናኝ ድርጅት በኩል በኮንትራት ስለሆነ የጤና መድን የለውም፤ ክፍያውም ከእኔ ያነሰ ነው። ጨዋታው ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ኮንትራቱ አለቀ ተብሎ ተሰናበተ። በጨዋታው መጨረሻ የሠራተኞች ስም ሲያልፍ ቁጭ ብዬ እስከ ዳር አየሁት፤ የእሱ ስም የለም። ግንቡ አለ፣ ሰውየው የለም። በሥራ ቪዛ የመጣች ሌላ ባልደረባችን ደግሞ ስትቀነስ አዲስ አሠሪ ለማግኘት የተሰጣት 60 ቀን ነበር፤ የልጇን ትምህርት ቤት አስጨርሳ እንኳን አልሄደችም።

እርስዎ የሚፈሩት እንዳልባረር እንደሆነ ይገባኛል። ማኅበር ለማቋቋም መፈረም እ.ኤ.አ. በ1935 በወጣ ሕግ የተጠበቀ መብት ነው፤ ለዚህ ብሎ ማባረር ክልክል ነው። ሕግ መኖሩና አሠሪ ማክበሩ አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም መንገዱን የጀመርነው እኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ2022 ሬቨን ሶፍትዌር በተባለው ድርጅት ጨዋታ የሚፈትሹ ሠራተኞች 19 ለ3 ድምፅ ሰጥተው ማኅበራቸውን አቋቋሙ። በ2024 ደግሞ ቤተስዳ በተባለው የጨዋታ ድርጅት 241 ሰዎች፣ ሠዓሊውም ፕሮግራመሩም በአንድ ላይ፣ ማኅበር ሆኑ። በዚያው ዓመት ጥር ማይክሮሶፍት ከጨዋታ ክፍሉ 1,900 ሠራተኛ መቀነሱን ያየ ሰው፣ ዝም ብሎ መሥራት ከመባረር አያድንም ቢል አይፈረድበትም። እኔ እንዲያውም እላለሁ።

የምንጠይቀው የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ ለኮንትራት ሠራተኞች መድን፣ የሠራ ሰው ሁሉ ስሙ እንዲጻፍ፣ የሣልነውም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ሳንጠየቅ እንዳይሰጥ ነው። ለመድኃኒትዎ የምልከው አይቋረጥም፤ ምናልባት ክፉ ቀን ቢመጣ የስድስት ወሩን ለይቼ አስቀምጫለሁ። ለዚህ አይጨነቁብኝ።

አባባ፣ አንገት መድፋትን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ ሲያደርጉት ግን አላየሁም። የ1987 ዓ.ም. መስቀል የሌሊት ፈረቃ ገብተው ነበር። ደመወዝ ሲወጣ የበዓሉ ጭማሪ ጎድሎ አገኙት። እርሳሱን ምላስዎ ላይ እያስነኩ ሲያሰሉ እማማ «ተወው፣ ለዚች ብለህ» አለችዎ። «በዓሌን ነው የሸጥኩላቸው፤ በዋጋው ይክፈሉኝ» አሉ። በማግስቱ የማኅበሩን ተወካይ ይዘው ገንዘብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ወረቀቱ ታርሞ እስኪሰጥዎ አልተመለሱም። እኔ ያኔ ልጅ ብሆንም እርሳሱን አስታውሳለሁ።

ያ ወረቀት ከሌሎቹ ጋር በዱቄት ወተቱ ጣሳ ውስጥ መሆን አለበት። እህቴ ስትመጣ ታውጣውና በስልኳ ፎቶ አንስታ ትላክልኝ። ሐሙስ ማታ ስብሰባ አለን፤ ላሳያቸው እፈልጋለሁ። እጥፋቱ ላይ ሳስቷል፣ እንዳይቀደድ ቀስ ብላ ትዘርጋው።

ልጅዎ፣
ከሲያትል