አቀንጭራን የሚቋቋመው ዘር ገበሬው እጅ ይድረስ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ሰብል ምርምርና ረሃብ ያወጣችሁት ጽሑፍ የማሽላ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ በ2009 እ.ኤ.አ. ባገኙት የዓለም የምግብ ሽልማት ላይ ማተኮሩ አላረካኝም። ቁም ነገሩ ያለው አቀንጭራን በሚቋቋመው ማሽላቸው ላይ ነው።

አቀንጭራ በማሽላ ሥር ላይ የሚኖር ጥገኛ አረም ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ይቆያል። የሚነቃው ከማሽላው ሥር የሚወጣው ኬሚካል ሲደርሰው ነው፤ ከዚያ ሥሩ ላይ ተጣብቆ ይመጥጠዋል። ሐምራዊ አበባው ብቅ ሲል ሰብሉ አስቀድሞ ተጎድቷል፤ ያን ጊዜ ማረም ብዙም አያድንም። ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቻቸው ይህን ኬሚካል በጣም በጥቂቱ የሚያመነጩ ዝርያዎችን አዳቅለው አወጡ። መከላከያው ዘሩ ውስጥ በመሆኑ ድሃው ገበሬም ሊጠቀምበት ይችላል። ለእኔ ይህ ከማንኛውም ሜዳሊያ ይበልጣል።

ዝርያ መለቀቁ ብቻውን ግን ጎተራ አይሞላም። ከእነዚህ መካከል ጎብዬና አብሽር የተባሉት ዝርያዎች በአገራችን ከተለቀቁ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ግብርና ሚኒስቴር አቀንጭራ በበዛባቸው የማሽላ ወረዳዎች የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዘሩን ራሳቸው እንዲያባዙ በጀትና ባለሙያ ይመድብ፤ ዘሩም ከመዝሪያው ወቅት አስቀድሞ ይከፋፈል።

አንድ አንባቢ