ማንበቢያውን ከመውቀሳችን በፊት ፋይሉን እንመልከት

ለዝግጅት ክፍሉ፤

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ አግኝተው፣ ሁለት ሦስት የአማርኛ መጻሕፍት ጭነው ከሞከሩ በኋላ መሳቢያ ውስጥ የከተቱት ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አቤቱታቸው ይመሳሰላል፦ ፊደሉ ደቀቀ፣ ገጹ አልሰፋ አለ፣ በፊደሉ ምትክ ባዶ ሣጥን ተደረደረ። ከዚያም «ዕቃው ለአማርኛ አልተሠራም» ብለው ይደመድማሉ። ድምዳሜው የተሳሳተ ነው። አብዛኛው ጣጣ የሚመጣው ከተጫነው ፋይል ነው፤ ፋይሉን ደግሞ የምናዘጋጀውና የምንቀባበለው እኛው አንባቢዎች፣ ደራሲዎችና አሳታሚዎች ነን።

ከፒዲኤፍ እንጀምር፤ በእጅ የሚገኘው የአማርኛ መጽሐፍ በብዛት እሱ ነውና። ፒዲኤፍ የወረቀቱን መጠን እንዳለ ይዞ የሚዞር ፋይል ነው። የኤ4 ወረቀት ወርድ 21 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የተለመደው ባለ 6 ኢንች ስክሪን ወርድ ግን 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በመጠን 12 የተጻፈ ፊደል እዚያ ውስጥ ሲገባ ወደ 5 ያንሳል። የእኛ ፊደል እርባታው የሚለየው በትናንሽ ቅጥያ ነው፤ በዚህ መጠን «ቸ»ን ከ«ቼ»፣ «ሙ»ን ከ«ሚ» መለየት ዓይን ያደክማል። ማቃለያ አለው። ከግራና ከቀኝ ሁለት ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ኅዳግ ቢቆረጥ የጽሑፉ ወርድ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ፊደሉም ወደ 7 ይጠጋል። በዚያ ላይ መሣሪያውን ወደ ጎን ቢያጋድሙት የስክሪኑ 12 ሴንቲ ሜትር ጥቅም ላይ ስለሚውል ፊደሉ 9 ይደርሳል። አንዱን ገጽ በሁለት ወይም በሦስት ጊዜ ማንበብ ግድ ነው፤ ግን ይነበባል። ኅዳጉን አንዳንድ ማንበቢያዎች ራሳቸው ይቆርጣሉ፤ ለሌሎቹ ከመጫን በፊት ኮምፒውተር ላይ መቁረጥ ያስፈልጋል።

ይህ ግን ማስታገሻ ነው። ዋናው ነገር ፋይሉ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ለዚህም ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና አለ። ፒዲኤፉን ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ከፍተው አንድ መስመር ይምረጡ፣ ኮፒ ያድርጉና መልእክት መጻፊያ ላይ ይለጥፉት። አማርኛው እንዳለ ከመጣ ጽሑፉ በዩኒኮድ፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ሥርዓት የተጻፈ ነው፤ ተስፋ አለው። ምንም መምረጥ ካልተቻለ ገጹ ፎቶ ነው። የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ከመጣ ደግሞ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የተጻፈው በድሮው የፎንት ሥርዓት ነው።

ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ትንሽ ማለት ይገባል፤ ብዙ ሰው ፋይሉ በቫይረስ የተበላሸ ይመስለዋልና። ዩኒኮድ የግእዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ በልማድም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡት ነበር። አንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለሆነ ከ200 በላይ የሆነው የፊደል ቅርጽ ከቁጥሩና ከሥርዓተ ነጥቡ ጋር አልበቃው ሲል ለሁለትና ከዚያ በላይ ፎንቶች ይከፋፈል ነበር። ዓይን የሚያየው «በ» ቢሆንም ኮምፒውተሩ የመዘገበው የላቲን ምልክት ነው። ፎንቱ ሲነሣ ጽሑፉም ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ፋይል ወደ ሌላ ዓይነት መቀየር የሚቻለው መጀመሪያ የተጻፈበት ፎንት ታውቆ፣ ለዚያው ፎንት በተሠራ መቀየሪያ ነው። በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈውን በሌላው መቀየሪያ ማሳለፍ የባሰ ያበላሸዋል።

ፎቶ የሆነውን ፒዲኤፍ ወደ ጽሑፍ የሚመልሱ መሣሪያዎች አሉ፤ በነፃ የሚገኘው ቴሰራክት አማርኛ ያውቃል። ስካኑ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ቀጥ ብሎና ጥርት ብሎ ከተነሣ ጥሩ ይሠራል። ሆኖም ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን ፊደላት ስለሚያምታታ የወጣውን ጽሑፍ ሰው ካላረመው ለኅትመት አይበቃም። ፎቶውን እንዳለ ማንበብ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከመጫኑ በፊት የወረቀቱን ብጫ ወደ ነጭ ማጽዳቱ ይበጃል። ጥቁርና ነጩ ስክሪን በተለምዶ 16 የግራጫ ደረጃዎች ብቻ ስላሉት ያረጀ ወረቀት ጭቃ ይመስላል።

ለእነዚህ ማንበቢያዎች የሚስማማው የፋይል ዓይነት ኢፐብ (EPUB) ነው። ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት እየታጠፈ ይፈስሳል፤ ፊደሉን አንባቢው እንደፈለገ ያሳድጋል። ኪንድል በሚባለው የአማዞን ማንበቢያ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ኢፐብ በኬብል ብትገለብጡለት አያሳየውም። ወይ ካሊበር በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ኪንድል ወደሚያነበው ኤዜድደብልዩ3 (AZW3) ቀይሮ መገልበጥ፣ ወይም በአማዞን የመላኪያ አገልግሎት መላክ ነው፤ አገልግሎቱ ኢፐብ መቀበል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በኢሜይል ከሆነ የላኪው አድራሻ አስቀድሞ በተፈቀደላቸው ዝርዝር ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አለዚያ መጽሐፉ አይደርስም። ኮቦ የሚባለው ሌላው ማንበቢያ ኢፐብን በቀጥታ ይከፍታል። በነገራችን ላይ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኬብልና ፋይል የሚያሳልፍ ኬብል መልካቸው አንድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ማንበቢያውን አላየውም ካለ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ።

ባዶ ሣጥኖቹ የሚመጡት መሣሪያው የግእዝ ፎንት ሳይኖረው ሲቀር ወይም ያለውን ትቶ ሌላ ሲጠቀም ነው። መድኃኒቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ፎንቱ መጽሐፉ ውስጥ አብሮ እንዲገባ ማድረግ ነው፤ ካሊበር ሲቀይር ይህን የሚያደርግ ምርጫ አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ የሚባሉት የግእዝ ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ ለዚህ ይመቻሉ። በዚህ ጊዜ አንባቢው ከፊደል ምርጫው ውስጥ «የአሳታሚው ፎንት» የሚለውን መያዝ አለበት፤ ሌላ ሲመርጥ ሣጥኖቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ሁለተኛው መሣሪያው ላይ ራሱ ፎንት መጫን ነው። ኪንድሉን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታችሁ «ፎንትስ» (fonts) የሚለው ፎልደር ውስጥ የፎንቱን ፋይል ትገለብጣላችሁ፤ ኮቦ ላይ ፎልደሩ ከሌለ በዚያው ስም ትፈጥሩለታላችሁ። ነቅላችሁ መጽሐፉን ስትከፍቱ ከዝርዝሩ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ቀጫጭን መስመር ያለው ፎንት ስክሪን ላይ የሳሳ ከመሰለ የፊደል ማወፈሪያውን አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

መስመሮቹን ግራና ቀኝ እኩል ማድረግ ለአማርኛ አይመከርም። ቃላታችን ረጃጅም ናቸው፤ መሣሪያው አማርኛን በሰረዝ ከፍሎ ማውረድ ስለማይችል በቃላቱ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል፤ በትልቅ ፊደል ሲሆን አንድ መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወደ ግራ ብቻ ማስጠጋት ይበቃል። ፍለጋም ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ መሣሪያው የሚያውቀው ፊደሉን እንጂ ድምፁን አይደለም። «ሀገር» ብሎ የፈለገ «አገር»ን አያገኝም፤ «ፀሐይ»ና «ጸሀይ»ም ለእሱ ሁለት ቃላት ናቸው።

ስለ መሣሪያው ራሱ የሚነሡት ቅሬታዎች አጠር ያለ መልስ አላቸው። ያለፈው ገጽ ጥላ የሚቀረው ስክሪኑ ቀለም ያላቸውን ጥቃቅን ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ እየገፋ ስለሚጽፍና አንዳንዶቹ በደንብ ስለማይመለሱ ነው፤ በየገጹ ሙሉ ማደስ የሚለውን ምርጫ ቢያበሩ ይጠፋል፤ ብልጭታው ግን ይበዛል። ባትሪው «ስድስት ሳምንት ይቆያል» ሲባል ብዙ ጊዜ የተሰላው በቀን ግማሽ ሰዓት ንባብ ነው፤ ያም 21 ሰዓት ማለት ነው። በቀን ሦስት ሰዓት የሚያነብ ሰው በሳምንቱ ቻርጅ ቢያደርግ አልተታለለም። በአንድ ጊዜ መቶ መጽሐፍ የጫነ ሰው ባትሪው በማግሥቱ ሲያልቅበት ሊደነግጥ አይገባም፤ መሣሪያው ለፍለጋ እንዲመቸው እያንዳንዱን መጽሐፍ ከጀርባ እየመዘገበ ነው። ከቀናት በኋላም ካልቆመ ምዝገባው የተበላሸ ፋይል ላይ ተቸንክሮ ሊሆን ይችላል፤ መጨረሻ የተጫኑትን እያወጡ መሞከር ነው። ኪንድል ደርቆ ከቀረ የማብሪያውን ቁልፍ 40 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ እንደገና ያስነሣዋል። ከስክሪኑ ሥር ብዙ ጊዜ ስስ መስታወት አለ፤ ከላይ ሳይሰነጠቅ ከውስጥ ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ የስክሪኑ ግማሽ ምስሉን እንደያዘ ይቀራል። በቦርሳ ሲይዙት ቁልፍና ቻርጀር ከፊቱ ጋር መነካካት የለባቸውም።

አሁን ለአሳታሚዎችና ለደራሲዎች። ለአንባቢ የሚሰጥ ፋይል ከማተሚያ ቤቱ ፒዲኤፍ አይወለድም። ፒዲኤፍን ወደ ኢፐብ ስትቀይሩ የገጽ ቁጥሩና የራስጌው ጽሑፍ ዐረፍተ ነገር መካከል ይወድቃል፣ የግርጌ ማስታወሻ ከአንቀጽ ጋር ይቀላቀላል፣ እያንዳንዱ መስመር ራሱን የቻለ አንቀጽ ይሆናል። መነሻው የማይክሮሶፍት ወርድ ወይም የኢንዲዛይን (የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም) ፋይሉ መሆን አለበት፤ ኢንዲዛይን ራሱ ኢፐብ ያወጣል፣ ካሊበርም የማይክሮሶፍት ወርዱን ፋይል ይቀበላል። የምዕራፍ ርእሶች ፕሮግራሙ ውስጥ ባለው የርእስ ስታይል (Heading) ይጻፉ፤ ፊደሉን በእጅ አሳድጎና አወፍሮ የተጻፈ ርእስ ማውጫ ውስጥ ላይገባ ይችላል። አራት ነጥብ ከቃሉ ጋር ይጣበቅ፤ ከፊቱ ክፍት ቦታ ከተተወ መስመሩ ሲታጠፍ ነጥቡ ብቻውን የሚቀጥለው መስመር ራስ ላይ ይገኛል።

የግጥም መጽሐፍ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐረግን ከሐረግ ለመለየት የስፔስ ቁልፍ ደጋግሞ መምታት ወረቀት ላይ ይሠራል፤ ኢፐብ ግን የተደጋገመውን ክፍተት ወደ አንድ ስለሚያጠፈው ስንኙ ይጨፈለቃል። ክፍተቱ በስታይል ይሰጥ። እያንዳንዱ ስንኝ ሁለተኛው መስመሩ ወደ ውስጥ እንዲገባ ተደርጎ ይቀረጽ፤ ፊደሉን ያሳደገ አንባቢ የታጠፈውን ትርፍ ከአዲስ ስንኝ የሚለየው በዚህ ብቻ ነው። ፋይሉ ከመሰራጨቱ በፊት ባለ 6 ኢንች ስክሪን ላይ፣ ፊደሉ በጣም ትልቅ በሆነበት ደረጃ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ይገለጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ