የባዮሎጂ ክበብ ዘንድሮ፦ እንግዴ ልጅን ስናጠና

የባዮሎጂ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የያዘው አንድ አካል ነው፤ እንግዴ ልጅን። ሐሳቡ የመጣው ከ11ኛ ክፍል አባላት ነው። "ቲቸር፣ ሁላችንም ነበረን፣ ማናችንም አላየነውም" አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ሌላ ርዕስ ያነሳ አልነበረም።

መጀመሪያ ቃላት ሰበሰብን። ልጆቹ ከመማሪያ መጽሐፍ፣ ከጤና ጣቢያ ፖስተር፣ ከእናትና ከአያት አፍ ለቅመው መጡ። እትብት፣ የሽርት ውሃ፣ ሽል፣ ፅንስ፣ ኮሪዮንና አምኒዮን (ፅንሱን የሚከቡት ሽፋኖች)፣ ቪላይ። ሁሉም በቤተ ሙከራው ሰሌዳ ላይ ተጻፈ። ደንባችን አንድ ነበር፦ ቃሉን የጻፈ ሰው ሥራውንም ያስረዳል። ሸምድዶ መምጣት አይቆጠርም።

ይህ ደንብ እትብት ላይ ስንደርስ ጥሩ ጉድ አፈላ። ብዙዎቹ "ደም ቅዳ ማለት ኦክስጅን የሞላው ደም የሚሄድበት ነው" ብለው ነው የያዙት። እትብት ውስጥ ግን ሁለት ደም ቅዳና አንድ ደም መልስ አሉ፤ ኦክስጅንና ምግብ ይዞ ወደ ፅንሱ የሚሄደው ደም መልሱ ነው። "መጽሐፉ ተሳስቷል" ያለም ነበር። ከሰዓቱ በክርክር አለቀ። ነገሩን የፈታው አንድ ዝምተኛ የ10ኛ ክፍል ልጅ ነው። "ከማን ልብ ነው የምንነሳው?" ብሎ ጠየቀ። ቁልፉ እሱ ነበር። ደም ቅዳ ከልብ የሚወጣ፣ ደም መልስ ወደ ልብ የሚመለስ ነው። እዚህ ላይ ልቡ የፅንሱ ነው። የፅንሱ ሳንባ ገና አየር አይስብም፤ ስለዚህ ደሙ ወደ እንግዴ ልጁ ሄዶ ኦክስጅን ጭኖ ይመለሳል። ልጁ ይህን በጠመኔ ስሎ ሲያሳይ ክፍሉ አጨበጨበለት። እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

የእናትና የልጅ ደም ይቀላቀላል ብለው የሚያምኑም ብዙ ነበሩ። አይቀላቀልም። ቪላይ የሚባሉት የእንግዴ ልጁ ጥቃቅን ቅርንጫፎች እንደ ዛፍ ሥር ተሰራጭተው በእናት ደም ተከበው ይቀመጣሉ። የፅንሱ ደም ያለው በውስጣቸው ነው። በመሀል ስስ ግድግዳ አለ። ኦክስጅንና ስኳር ያልፋሉ። የእናት አንቲቦዲም ያልፋል፤ ሕፃኑን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከበሽታ የሚከላከለው በከፊል እሱ ነው። አልኮልና ኒኮቲንም ያልፋሉ። ይህን ልጆቹ በትልልቁ ጽፈው ከሰሌዳው አናት ላይ ለጠፉት።

ከሐርቡና ከባቲ በኩል የመጡት አባላት ወባን አነሱ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቆላው የእነሱ አገር ነው። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተውሳክ ያለባቸው ቀይ የደም ሴሎች እንግዴ ልጁ ውስጥ ተጣብቀው ይከማቻሉ። እናት ደም ያንሳታል፣ ልጅም ክብደቱ ቀንሶ ሊወለድ ይችላል። ነፍሰ ጡር ሴት አጎበር ውስጥ ትተኛ የሚባለው ለራሷም ለልጇም ነው።

ከዕፅዋት ወገን ያገኘነው ነገር ደግሞ ልጆቹን በጣም አስደሰታቸው። እንግዴ ልጅ በእንግሊዝኛ ፕላሴንታ ይባላል፤ ፕላሴንታ የሚባል ክፍል ተክልም አለው፤ ዘሮቹ የሚጣበቁበት ነው። ቃሪያ ሰንጥቀን አየነው። ፍሬዎቹ የተንጠለጠሉበት ነጩ ነገር እሱ ነው። የሚያቃጥለው ካፕሳይሲን የሚሠራውም እዚያው ነው እንጂ ፍሬው ውስጥ አይደለም። አንዱ ነጩን፣ አንዱ በደንብ የጸዳውን ፍሬ ቀመሰ። ነጩን የቀመሰው ውሃ ፍለጋ ሮጠ። ስንግ ቃሪያ ስትሠሩ ፍሬውን ብቻ አራግፋችሁ ነጩን ከተዋችሁት ለምን እንደሚያቃጥል አሁን ገብቶናል።

በጥር የአንድ አባላችን ቤተሰብ በግ ወለደች። ልጁ እንግዴ ልጁን በፌስታል ይዞ ገና ሳይደወል ደረሰ። አስቀድመን ተነጋግረን ስለነበር ጓንት አድርጎ ነው ያነሳው። በዚህ ቀልድ የለም። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከታመመ እንስሳ እንግዴ ልጅና ፈሳሽ ወደ ሰው ይተላለፋል፤ ባዶ እጅ መንካት አደገኛ ነው። ጠረጴዛው ላይ ፕላስቲክ አንጥፈን፣ ጓንትና ማስክ አድርገን ዘረጋነው። ስስና የሚያዳልጥ ሽፋን ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። በላዩ ላይ ጠቆር ያሉ ቀያይ እብጠቶች እዚህም እዚያም ተበትነዋል። ኮቲሌደን ይባላሉ። የበግና የላም እንግዴ ልጅ ከማህፀን ጋር የሚገናኘው በእነዚህ ነው። የደም ሥሮቹ ከየእብጠቱ ተነስተው ወደ እትብቱ ሲሰባሰቡ በዓይን ይታያል። ሥዕል ላይ ይህን ያህል አይገባም። ስንጨርስ በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርነው፤ ጠረጴዛውንም በበረኪና አጠብን። ለውሻ መጣል ልክ እንዳልሆነ ልጆቹ ቤታቸውም እንዲናገሩ አደራ ብያለሁ።

የሰው እንግዴ ልጅ እንዲህ አይደለም፤ አንድ ወጥ ክብ ነው። ይህን ያስረዳችን ከጤና ጣቢያ የጋበዝናት አዋላጅ ነርስ ናት። ጊዜው በደረሰ እርግዝና ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። "ሲስተር፣ ወንዶቹ ይውጡ?" ያለች ነበረች። ማንም አልወጣም። ነገ ሚስቱን ወይ እህቱን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እኮ ወንዱም ነው።

ሲስተር ሦስት ነገር ደጋግማ ነገረችን። እንግዴ ልጁ ታች ወርዶ የማህፀን በር ከሸፈነ ፕላሴንታ ፕሪቪያ ይባላል፤ ምልክቱ ብዙ ጊዜ ሕመም የሌለው ደም መፍሰስ ነው። ከመውለድ በፊት ከማህፀን ከተላቀቀ አብራፕሽን ነው፤ ብዙ ጊዜ ሆድ በኃይል ያማል፣ ደሙም ውስጥ ሊቀር ይችላል። ልጁ ተወልዶ እንግዴ ልጁ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ ደግሞ ቀርቷል ይባላል፤ ብዙ ደም ሊያፈስ ይችላል። ቤት ውስጥ እትብቱን መጎተት ክልክል ነው። ደም ከፈሰሰ ግን ሰዓት መቁጠር የለም፣ ወዲያው ሐኪም ቤት። አንዷ አባል "አያቴ እንግዴ ልጁ ካልወጣ ተገላገለች አይባልም ይላሉ" ስትል ሲስተር "እውነታቸውን ነው" አለቻት። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ እኔ የማስበልጠው ያን ከሰዓት ነው።

በሰኔ ቃላቱን ከነሥዕላቸው በወላጆች ቀን አቀረብን። የእርግዝና ምርመራ በሽንት እንዴት እንደሚሠራ የጠየቁ ወላጆች ነበሩ። ልጆቹ ኤች ሲ ጂ ስለሚባለው፣ እንግዴ ልጁን የሚሠሩት ሴሎች ስለሚያመነጩት ሆርሞን ያለ እኔ እርዳታ አስረዱ።

ለመጪው ዓመት የፈረስን ማየት እንፈልጋለን። የፈረስ እንግዴ ልጅ ኮቲሌደን የለውም፤ ከማህፀኑ ጋር የሚገናኘው በመላ ገጹ ነው። ቤታችሁ ያረገዘች ፈረስ ያላችሁ ተማሪዎች ስትወልድ ንገሩን። በእጃችሁ እንዳትነኩት፤ ጓንት ይዘን እኛ እንመጣለን።