የአትሌቲክስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ጥግ የተቀመጡትም ሥራ ላይ ነበሩ

«የሩጫ ክበብ ነው ወይስ የእረፍት ክበብ?» የሚለውን ቀልድ ዘንድሮ ከመምህራን ማረፊያ እስከ ሻይ ክበብ ጠጥተነዋል። ከ34 አባላት ሦስት አራቱ ሁልጊዜ ሜዳው ጥግ ተቀምጠው ስለሚታዩ ነው። የተቀመጡት ታዘው እንጂ ሰንፈው አይደለም።

ስብሰባችንን በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ አድርገናል፤ ቃለ ጉባኤው ፋይል ውስጥ አለ። የዓመቱ ዋና ሥራ አንድ ደንብ ማስከበር ነበር፦ የተጎዳ አይሮጥም።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመን ወለምታ ነው። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ በቁርጭምጭሚት የውጭ በኩል ያለው ጅማት ይሳባል፣ ሲብስም ይበጠሳል። አባላቱ አሁን ሳይጠየቁ ያውቁታል፦ በረዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ። ፋሻ ከጣቶች ሥር ተጀምሮ ወደ ላይ ይጠመጠማል፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከደነዘዙ ጠብቋልና ይላላ። አራት እርምጃ መራመድ ያቃተው፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ አጥንት ሲነካ የሚያመው ወደ ራጅ ይሄዳል። ወላጆች ይቅር ይበሉንና፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሸትና ትኩስ ነገር እብጠቱን ያብሰዋል፤ አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ደግሞ መታሸቱ ሌላ ጉዳት ነው።

እረፍት ማለት ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ልጁ ተቀምጦ በአውራ ጣቱ አየር ላይ ፊደል ይጽፋል፤ «ሀ» ብሎ ጀምሮ ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ። ቀጥሎ በአንድ እግር 30 ሰከንድ መቆም፣ ተረከዝ ማንሳት፣ ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ አንድ ደቂቃ እርምጃ። በማግስቱ ጠዋት ካበጠ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሚያሳስተው ሕመሙ ነው፤ ጅማቱ ሳይጠነክር እሱ ቀድሞ ይጠፋል። ቀላሉ ወለምታ ከ1 እስከ 3 ሳምንት፣ በከፊል የተበጠሰው ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። አንድ የ100 ሜትር ሯጫችን ጥር ላይ ለክፍሎች ውድድር ብሎ በዘጠነኛው ቀን ተመለሰ፤ ያው እግሩ ዳግም ዞረና እስከ ሚያዝያ አጣነው። የእኛ የቁጥጥር ጉድለት ነው።

የካቲት ላይ ጃን ሜዳ ለልምምድ ወርደን ነበር። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጃችን ቅልጥሟ ላይ አውራ ጣት የሚሸፍናት ቦታ ብቻ እየለየ፣ ማታም ሳይቀር ያማት ነበር። የመጀመሪያው ራጅ ምንም አላሳየም። የድካም ስንጥቅ (በተደጋጋሚ ጫና አጥንት ላይ የሚፈጠር ቀጭን ስንጥቅ) በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይታይ ስለሚችል ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ሩጫ ከለከላት። ጃን ሜዳ የወረድነው በአምስተኛው ሳምንት ነው፤ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ጫማዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ መጥታለች። «ሻምበል አበበ ቢቂላ እኮ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በ40 ቀኑ ገደማ ቶኪዮ ላይ አሸንፏል» አለችን። እውነት ነው፣ 1957 ዓ.ም.። ግን የተቀደደው ሆዱ እንጂ የሚሮጥበት አጥንት አልነበረም። በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩን እያመመው ተነሥቶ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፤ ወርቁን ማሞ ወልዴ አመጣው።

አልመለሰችልንም። የሰዓት መያዣውን ተቀብላ መስመሩ ላይ ቆመች። ሁለተኛው ዙር ላይ የአንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ በሲባጎ ስታስረው አየቻት። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ጫማውን አውጥታ ሰጠቻት፤ ማሰሪያውንም ተንበርክካ ራሷ አሰረችላት። ከዚያ ተመልሳ ሰዓቷን ያዘች፤ ያን ቀን ጥግ መቀመጥ ያሳፈረው ሰው አላየንም። ግንቦት ላይ በዱላ ቅብብል ሦስተኛ ስንወጣ የመጨረሻዋን ዙር የሮጠችው እሷ ናት።

ኳስ በየዓመቱ ይገዛል፤ ፋሻ ግን በጀት የለውም። ያለን አንድ የሚለጠጥ ፋሻ ነው፤ እየታጠበ ለስድስት ልጅ አገልግሏል። በረዶውን የምናገኘው በሻይ ክበቡ ሠራተኞች ደግነት ነው። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ስድስት ፋሻና ሁለት የበረዶ ከረጢት ነው። ዱላ መቀበያው ጎን ያለው ጉድጓድ ደግሞ ዘንድሮ ብቻ ሦስት ወለምታ ሰጥቶናል፤ ሁለት ጋሪ አፈር ይበቃዋል፤ አካፋውን እኛ እንይዛለን።