የበረዶው ሰውዬ በእጅ ነው የተሠራው

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው እሁድ ለገና ከቤተሰብ ጋር ስለሚታዩ ፊልሞች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። «ኤልፍ» ላይ እስክደርስ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሰሜን ዋልታ ኤልፍ በሚባሉት የገና አባት ትንንሽ ረዳቶች መሃል ስላደገው ሰው፣ ስለ ቡዲ፣ የሚተርከው የአሜሪካ ፊልም ነው። እዚያ ስደርስ ግን የበረዶው ሰውዬና ከባሕሩ ብቅ ብሎ ቡዲን የሚሰናበተው ባለ ቀንዱ ዓሣ ነባሪ፣ ናርዋሉ፣ «በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው» ይላል። ቡናዬን አስቀምጬ ደግሜ አነበብኩት።

አይደሉም። በእጅ ነው የተሠሩት።

«ለዚህች ነው እንዴ ደብዳቤ የምትጽፊው?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ለዚህችው ነው። ፊልሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ያኔ ሆሊውድ በኮምፒውተር የተሠሩ ዳይኖሰሮችን በየሲኒማው ማስሮጥ ከጀመረ 10 ዓመት ሞልቶታል። ስለዚህ ዳይሬክተሩ ጆን ፋቭሮ ኮምፒውተር አጥቶ አይደለም፤ ወደ ድሮው መንገድ የተመለሰው አውቆ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካ ቴሌቪዥን የቀረበ፣ የቀይ አፍንጫውን አጋዘን ታሪክ የሚናገር የአሻንጉሊት ፊልም አለ። እስከ ዛሬ በየገናው ይታያል። የ«ኤልፍ» ሰሜን ዋልታ፣ የቡዲ ልብስ ሳይቀር፣ መልኩን የወሰደው ከዚያ ነው። የበረዶውን ሰውዬና ናርዋሉን ያንቀሳቀሱት ደግሞ ኪዮዶ የሚባሉት ሦስት ወንድማማቾችና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ስማቸው በፊልሙ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ጸሐፊያችሁ ፊልሙ ሲያልቅ ሁለት ደቂቃ መታገሥ አቃተው?

ቡዲ ከትንንሾቹ ኤልፎች መሃል ግዙፍ ሆኖ የሚታየውም በአብዛኛው በካሜራ ዘዴ ነው። ሁለት ክፍል ይሠራሉ። ትንሹን ከነዕቃው ወደ ካሜራው ያስጠጉትና ቡዲን የሚጫወተውን ዊል ፌሬልን እዚያ ያስቀምጡታል። ትልቁን ራቅ ያደርጉትና ሌሎቹ እዚያ ይቀመጣሉ። በሌንሱ ሲያዩት አንድ ክፍል ይመስላል። ፊልሙ ውስጥ ኮምፒውተር ጭራሽ አልገባም እያልኩ አይደለም። ተዋናዩንና አሻንጉሊቱን በአንድ ምስል ለማጣመር ገብቷል። ያጣመረ ግን ሠሪ ይባላል? ልብስ ሰፊውን ትታችሁ የተኮሰውን ታመሰግናላችሁ?

የበረዶው ሰውዬ የተንቀሳቀሰበት የእጅ ሥራ ስቶፕ ሞሽን ይባላል፤ ምን እንደሆነ ላላየው ልንገር። አሻንጉሊቱን ታቆመዋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። ክንዱን የጤፍ ፍሬ ታህል ትገፋለህ፣ ፎቶ ታነሳለህ። በፊልም አንድ ሰከንድ ማለት 24 ምስል ነው። እጁን አንስቶ «ቻው» ለማለት ግማሽ ቀን ይሄዳል።

ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ የገና ልዩ ዝግጅት 40 ሰከንድ ሠርቻለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። እውነተኛ ልጆች ሜዳ ላይ ገና ሲጫወቱ ሩሯ ከመስመር ትወጣለች። አንድ የጨርቅ እረኛ በዱላው መትቶ ይመልስላቸዋል። አቅሜ ስለማይፈቅድ በሰከንድ 12 ፎቶ ብቻ አነሳሁ። ያም ሆኖ 480 ፎቶ ነው። አጥንቱ ሽቦ፣ ሥጋው ስፖንጅ ነበር። ጋቢውን የቆረጥኩት ከአያቴ አሮጌ ነጠላ ጫፍ ላይ ነው፤ ለትንሽ ትከሻ እንዲያ ልስልስ ብሎ የሚወድቅ ሌላ ጨርቅ አላገኘሁም። ሩሯን በማይታይ ክር ነበር ያንጠለጠልኳት።

ሦስት መቶ ምናምነኛው ፎቶ ላይ መብራት ጠፋ። ወንድሜ ሊረዳኝ ሻማ ይዞ ሲገባ በጨለማ ጠረጴዛውን ነካው። እረኛው ወደቀ። መብራት ሲመጣ በትክክል የት ቆሞ እንደነበር ማወቅ አልቻልኩም። እንደገና ከአንድ ጀመርኩ።

ዝግጅቱ የተላለፈ ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። አቅራቢው «በዘመናዊ የኮምፒውተር ቴክኖሎጂ የተቀነባበረ» ሲል ሰማን። ስሜ የለም። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ ምንም አላለችም። ክፍያዬን ልጠይቅ ስሄድ «ኮምፒውተሩ አይደል የሚሠራው? አንቺን ምን አደከመሽ?» ተባልኩና ከተስማማንበት ግማሹን ሰጡኝ። እረኛዬን ስጠይቅማ «ያ ጨርቅ? ጽዳት ስናደርግ ጣልነው» አሉኝ። የአያቴን ነጠላ ነው የጣሉት። ያን ቀን ከሰው ፊት ላለማልቀስ ደረጃውን በሩጫ ነው የወረድኩት።

እንግዲህ ይህን ከዚያ ጋር አስተያዩልኝ። የ1964ቱ ፊልም አሻንጉሊቶች የተንቀሳቀሱት ጃፓን፣ ታዳሂቶ ሞቺናጋ በሚባል ባለሙያ ስቱዲዮ ነው። እንጨት፣ ሽቦና ጨርቅ ናቸው። የገና አባት ጢም የያክ ፀጉር ነው። ከሥራው በኋላ አጋዘኑና የገና አባት አንድ ቤተሰብ ቤት ገብተው ለዓመታት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለቱ በጨረታ 368,000 ዶላር ተሸጡ። የአጋዘኑ አፍንጫ ያኔም ይበራ ነበር። ያ ገንዘብ ለኮምፒውተር የተከፈለ ይመስላችኋል?

ከሁሉ የባሰብኝ ግን የጽሑፉ መጨረሻ ነው። «በአገራችን ለልጆች እንዲህ ያለ ነገር ተሞክሮ አያውቅም» ይላል። ኧረ በፈጣሪ! «ፀሐይ መማር ትወዳለች» እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሲቀርብ ጸሐፊያችሁ የት ነበር? ቀጭኔዋን ፀሐይን እያየ ፊደል የለየ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። እሷም አሻንጉሊት ናት። ውስጧ የሰው እጅ አለ። እኛ ጥቂት ነን፣ ያውም ተበታትነን ነው የምንሠራው። ግን አለን። «የለም» የሚል ጋዜጣ አንብቦ ማን ሥራ ይሰጠናል? የትኛው ልጅ ሽቦና ስፖንጅ ይዞ ይቀመጣል?

የምጠይቃችሁ ሁለት መስመር ማረሚያ ነው፤ አንዱ ስለ በረዶው ሰውዬ፣ አንዱ ስለ እኛ። ጽሑፉ በወጣበት ገጽ ላይ፣ ከገና በፊት።

ጸሐፊያችሁም ቢመጣ በሬ ክፍት ነው። አዲስ እረኛ እየሠራሁ ነው፤ እስካሁን የተሰፋው ቀኝ እጁ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መብራት ካለ አብረን አንድ ሰከንድ እንሠራለን። ዱላውን እሱ ይግፋ፣ ፎቶውን እኔ አነሳለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አሻንጉሊት ሠሪዋ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ